የዘጠኝ ቁጥር ወረቀት

ተጠራጣሪነትን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ሮቤ ገበያ የታወቀ ስንዴ ነጋዴ ነበር። ከሲናና ገበሬዎች ሲገዛ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ስንዴ አያይም። እጅጌውን ይጠቀልልና ክንዱን እስከ ክርኑ ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ከሥር የጨበጠውን አውጥቶ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያየዋል። ገበሬው "ኦቦ ተፈራ፣ ሌባ መሰልኩህ እንዴ?" ብሎ ሲቆጣ፣ "አንተን መች ጠረጠርኩ፣ ጆንያውን ነው እንጂ" ይለዋል። ቤት ውስጥም እንደዚያው ነበር። አሞኛል ብዬ ከትምህርት ቤት የቀረሁ ቀን ግንባሬን በመንካት ብቻ አያምነኝም፤ ምላሴን አስወጥቶ፣ ዓይኔን ገልጦ ያያል። እኔም ሳድግ ቁርጥ እሱን ሆንኩ። ሰው ፈገግ ሲልልኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ "ምን ፈልጎ ነው?" የሚል ጥያቄ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጎባ ላይ የሆነውን የምነግራችሁ በዚህ ጠባዬ ልኩራራባችሁ ብዬ አይደለም። ይልቁንም ይኸው ጠባዬ እንዴት አድርጎ እንዳዋረደኝ እንድታውቁት ነው።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በልጅነቴ ለትምህርት ቤቴ እሮጥ ነበር፤ ጉልበቴ ተጎዳና ሩጫው ቀረ፤ ሮቤ የስፖርት መምህርት ሆንኩ። ክረምት ክረምት አዲስ አበባ እየሄድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስለምማር የመመረቂያ ጥናት ማቀድ ነበረብኝ። የመረጥኩት ርዕስ በሩጫ ማሠልጠኛ ፕሮጀክቶች ውስጥ ስላለው የሕፃናት ደኅንነት ነበር። በዚያ ጊዜ ርዕሱ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። "ልጆቹን ከምን ልትጠብቂያቸው ነው? ከሩጫ?" ብለው የሳቁብኝ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። ባሌ ውስጥ ግን አንድ ልጅ ፈጣን መሆኑ ከታወቀ ከቤቱ ይወጣል። ከብድሬ፣ ከጊኒር ተነሥቶ ጎባ ይመጣና ፕሮጀክቱ በተከራየው ማደሪያ ይኖራል። እናትና አባት ልጃቸውን ለማያውቁት አዋቂ ያስረክባሉ። ያ አዋቂ ማን ነው ብሎ ክንዱን ወደ ጆንያው የሰደደ ሰው አልነበረም፤ እኔ ልሰድ ተነሣሁ።

አማካሪዬ የጥናቱን ዕቅድ አይቶ፣ "መጠይቅሽን ከዋናው ጥናት በፊት በጥቂት ልጆች ላይ ሞክሪው" አለኝ። "ከሁለት ሳምንት በኋላ እነዚያኑ ልጆች ድጋሚ አስሞያቸውና መልሳቸው ይገጣጠም እንደሆነ እዪ። ስም እንዳታስጽፊ። የፊተኛውንና የኋለኛውን ወረቀት የምታገናኚበት መለያ ብቻ ስጫቸው።"

መለያውን ለማሰብ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። የፕሮጀክቱ ልጆች አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉም በልምምድ ልብሳቸው ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር አላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መለያቸውን እንዳይረሱት ያንኑ ቁጥር ወረቀቱ ራስ ላይ ጻፍኩላቸው። የራሳቸው ስም የለ፣ የአባት ስም የለ፣ የመጡበት ወረዳ የለ። በብልጠቴ ተደስቼ ያን ቀን ለራሴ ብስኩት ገዝቼ በላሁ።

ጎባ ላይ ፈቃዳቸው የሚያስፈልገኝ ሰዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው አሠልጣኙ ኮች ከድር ናቸው። ሃምሳን የተሻገሩ፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ፣ እጃቸው ላይ የወይራ ዱላ የማይለያቸው፣ ሰላምታ እንኳ እየቆጠቡ የሚሰጡ ሰው ናቸው። ደብዳቤዬን አንብበው መለሱልኝ።

"አልፈርምም።"

"ለምን ኮች?"

"በወረቀት የተጠበቀ ልጅ አይቼ አላውቅም።" ደግሞ ጠየቁኝ። "ማን ምን ብሎ እንደ መለሰ የሚያየው ማን ነው?"

"እኔ ብቻ ነኝ።"

"አንቺ ብቻ" አሉና በአፍንጫቸው ሳቁ።

ከፊታቸው ዘወር እንዳልኩ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ "አሠልጣኙ መልሱን ማን እንደሚያይ ማወቅ ይፈልጋል" ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ጆንያዬን አገኘሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አቶ ለማ ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አፌ እሺ አይለኝም። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ልብሱ ንጹሕ፣ አንደበቱ ለስላሳ፤ በየግምገማው ሌላው ሰው ሲብጠለጠል እሱ ተመስግኖ እንደሚወጣ ይወራለታል። ደብዳቤዬን በቆምኩበት ፈረመልኝ፤ ኮች ከድር ባይፈርሙም የእሱ ፊርማ እንደሚበቃ ነገረኝ። ልጆቹ መጠይቁን የሚሞሉበት ክፍል፣ ወንበርና ጠረጴዛ ሰጠኝ። ሻይ ጋበዘኝ። "እህቴ" እያለ ነው የሚጠራኝ። እኔ እንግዲህ የኦቦ ተፈራ ልጅ ነኝ፤ ምን ፈልጎ ነው አልኩ። እሱ ራሱ እየሳቀ "ጥናቱ ሲያልቅ ምስጋናው ላይ ስሜን እንዳትረሺ" ሲለኝ መልሱን አገኘሁና አረፍኩ። ተጠራጣሪ ሰው እንዲህ ነው፤ አንዲት ትንሽ ምክንያት ከሰጡት ሌላ አይፈልግም።

አቶ ለማ አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ። የተሞሉት ወረቀቶች በሙሉ ማህተም እንዲያርፍባቸው። "አለበለዚያ ነገ አንዱ ተነሥቶ እቤቷ ቁጭ ብላ ራሷ ሞላችው ይልሻል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንዲህ የተባሉ ሰዎች አውቃለሁ። በእኛ አገር ማህተም ያላረፈበት ወረቀት ወረቀት ሆኖ አያውቅም። የቤት ኪራይ ውል፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የልጅ የልደት ቀን፣ ሁሉም ክቡን ሰማያዊ ምልክት ይጠብቃል። እኔም አመስግኜው ሄድኩ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ልጆቹን ክፍል ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ጎባ ጉም ለብሳ ነበር፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። መጠይቁ በኦሮምኛ ነው፤ ሃያ ሁለት ጥያቄ፣ ከበስተጀርባው ደግሞ "ሌላ ማለት የምትፈልጉት ካለ" የሚል ባዶ ቦታ አለው። ገና ወረቀቱን ማደል ስጀምር ኮች ከድር መስኮቱ ላይ መጥተው ቆሙ። ዱላቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ መንገድ መንገዱን ያያሉ።

ወጣሁና "ኮች፣ ልጆቹ ሲሞሉ አዋቂ አጠገባቸው ባይኖር ይመረጣል" አልኳቸው።

"ከክፍሉ ውጭ ነኝ" አሉኝ።

"መስኮቱም ክፍሉ ነው።"

አዩኝ፣ አዩኝና ወደ አጥሩ ፈቀቅ አሉ። ግን አልሄዱም። ደብተሬ ላይ ይህንንም መዘገብኩት።

ከፊት የተቀመጠችው ዘጠኝ ቁጥር ወረቀቷን ይዛ ቀና አለች። ዘይቱና ትባላለች፤ የብድሬ ከብት ነጋዴ ልጅ፣ አሥራ አራት ዓመቷ፣ ቀጭን፣ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ ያሰረች። "ቲቸር፣ መቃ ህን ቃቡ ሚቲ?" አለችኝ። ስም የለውም አይደል ማለቷ ነው።

"የለውም" አልኳት። "ቁጥር ብቻ ነው። ማንም አያውቅሽም።"

ወረቀቱን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ አቀርቅራ መጻፍ ጀመረች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ኮች ከድር ለአስር ሰላት ሄዱ። ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ። እዚያው ግቢ ውስጥ ላለማንበብ ለልጆቹ ቃል ገብቼ ስለነበር አላነበብኩም፤ የዘጠኝ ቁጥር ግን ከበስተጀርባው ጢም ብሎ ተጽፎበት ስለነበር ዓይኔ አንዲት ቃል ላይ አረፈ፤ "ኮጴ" ትላለች፣ ጫማ። አሳዘነችኝ። ምስኪን፣ ጫማ አልቆባት ነው ብዬ አለፍኩ። ሁሉንም ከተረፉት ባዶ መጠይቆች ጋር በካኪ ፖስታ ከተትኩና አቶ ለማ ቢሮ ወሰድኩት። ከእሱ በር ውጭ ጸሐፊዋ ወይዘሮ በላይነሽ ትቀመጣለች፤ ማህተሙም መዝገቡም በእሷ እጅ ነው። አቶ ለማ ፖስታውን ተቀብሎ ለእሷ አሳለፈላት።

"ታትሞ ነገ ጠዋት ትወስጂዋለሽ እህቴ፤ አንቺ ተመለሺ፣ ብርድ ነው" አለኝ።

ሻይ ቤት ገብቼ ብርዴን ካባረርኩ በኋላ ወደ ሮቤ የሚወስደኝን ሚኒባስ ለመያዝ ስወርድ ሜዳው መንገዴ ላይ ነው። ልጆቹ ልምምድ ጀምረዋል። የኮች ከድር ድምፅ ጉሙን እየሰነጠቀ ይመጣል።

"ሦስት! ክንድሽን አውርጂ! ሰባት፣ አትዝለል፣ ሩጥ!"

ቆምኩ። ነገር ፍለጋ ነው የቆምኩት። "ኮች፣ ልጆቹን በስማቸው አይጠሯቸውም እንዴ?" አልኳቸው።

"ስም?" አሉ ዓይናቸውን ከልጆቹ ሳያነሡ። "እዚህ ስም የት አለ? አልጋቸው ላይ ቁጥር፣ ሳህናቸው ላይ ቁጥር፣ የቢሮው መዝገብ ላይ ቁጥር። ሦስት መሐመድ፣ ሁለት ሀዊ አለኝ፤ በቁጥር ይሻላል። እዚህ ግቢ ውስጥ ቁጥራቸውን የማያውቅ ሰው የለም፤ ዳቦ አቅራቢው እንኳ ያውቃል።"

ስም የለውም ብዬ ለልጅ ምዬ፣ ያስጻፍኳት ግቢው ሁሉ የሚያውቃትን ስሟን ነበር። ደግሞ አስቡት፤ ሯጭ ነበርኩ እኮ። እኔም በልጅነቴ ቁጥር ነበርኩ። ሌላ ሰው ባያውቅ እኔ እንዴት አላውቅም?

የሚገርመው ግን በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ እፎይታ ነው። እንኳን ወረቀቶቹ እኚህ ሰውዬ እጅ አልገቡ፣ እንኳን ለአቶ ለማ ሰጠሁት አልኩ በልቤ።

ኮች ከድር ሜዳውን በዓይናቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። "ዘጠኝ የት አለች?"

ከልጆቹ አንዷ እየሮጠች አጠገባችን ስታልፍ፣ "ኦቦ ለማ አስጠራት፤ ኮጴ መጣልሽ ብሎ" አለች።

የኮች ከድር ፊት ሲለወጥ አየሁ። ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ወረቀቶቹ የታሉ?" አሉኝ።

ቦርሳዬን ጨበጥ አደረግኩ። "እኔ ጋ።"

"ዋላሂ፣ ኢንታሎ፣ አንቺ ልጅ፣ አሁን አትዋሺኝ። ለእሱ ነው የሰጠሽው?"

ዓይኔ ወደ ቢሮው ሸሸ። ይህ በቂያቸው ነበር።

"ስሚኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ባለፈው ዓመት አራት ቁጥር የነበረች ልጅ ነበረች። ለማ ጫማ ልለካሽ እያለ ዕቃ ቤት ብቻዋን ያስገባታል፤ በሩን ይቆልፋል። ለእኔ ነገረችኝ። ጫማ ሜዳ ላይ በሰው ፊት ይታደል ብዬ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። መልስ የለም። ሳምንት ሳይሞላ ዕድሜዋ አልፏል ተባለና ልጅቷ ወደ አገሯ ተሸኘች። ፊርማዬን የከለከልኩሽ ለዚያ ነው። መስኮት ላይ የቆምኩትም እሱ መጥቶ ጆሮውን እንዳይጥል ነው።"

ኮጴ የምትለው ቃል ዓይኔ ላይ መጣች። ያኔም ግን፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም። ወረቀቶቹን ከቢሮ አስወጥተው መንገድ ላይ ሊነጥቁኝ ቢሆንስ? ሁሉን በእሱ አላክከው ራሳቸውን ንጹሕ ሊያደርጉ ቢሆንስ?

"በምን ልመንዎት?" አልኳቸው።

"አትመኚኝ" አሉ። "በዱላ እመታቸዋለሁ፤ እሱንም ጽፈውልሻል፣ አውቃለሁ። እኔን በኋላ ትጠረጥሪኛለሽ። አሁን ፊጊ!"

ፊጊ ሩጪ ማለት ነው። በዕድሜዬ ሁሉ አሠልጣኝ እንዲህ ብሎኝ ቆሜ አላውቅም፤ ሮጥኩ። ጉልበቴ ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ መውጋት ጀመረ። ዳገቱ ጭቃ ነው። ከኋላዬ የኮች ከድር ትንፋሽ ይሰማኛል። ከሐሳቤ የማይወጣው ግን "ማንም አያውቅሽም" ያልኩበት የራሴ ድምፅ ነበር።

ወይዘሮ በላይነሽ ስታየን ከወንበሯ ብድግ አለች። "ውስጥ ናት" አለች፣ ሌላ ቃል ሳትጨምር። በሩን ገፋሁት፤ አልተቆለፈም።

ዘይቱና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆማለች፤ እጇ ላይ ስክሪብቶ አለ። ከፊቷ የእኔ መጠይቅ ተዘርግቷል፤ ባዶ የነበረ፣ ከትርፎቹ አንዱ፣ ራሱ ላይ በሌላ ሰው ጽሕፈት "9" የተጻፈበት። እስከ ስድስተኛው ጥያቄ ሁሉንም "አይ" ብላ ሞልታለች። ከወረቀቱ አጠገብ አዲስ የሩጫ ጫማ የያዘ ካርቶን አለ፤ አቶ ለማ እጁን ክዳኑ ላይ ጭኗል።

"እንኳን መጣሽ እህቴ" አለ፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ። "ልጅቷ ጥያቄው አልገባትም ነበር። ተሳስታ ሞልታዋለች፤ እያስተካከለች ነው። ለጥናትሽ ጥራት ብዬ እኮ ነው።"

ለጥናትሽ ጥራት! ይህን ቃል ዛሬም ስሰማው ያንገሸግሸኛል።

"የቀድሞው ወረቀት የታለ?" አልኩት።

"የቱ የቀድሞ? የሰጠሽኝ አሥራ አንድ ነው። አሥራ ሁለተኛዋ እያሟላች ነው።" ድምፁን ከፍ አደረገና ወደ ውጭ ተጣራ፤ "በላይነሽ! ማህተሙን ይዘሽ ነይ፣ አንዲት ወረቀት ቀርታለች።"

ወይዘሮ በላይነሽ መጣች። የያዘችው ግን ማህተሙን አይደለም፤ መዝገቡን ነው። ከፍታ በጣቷ እያሳየች፣ "አቶ ለማ፣ አሥራ ሁለት ብዬ መዝግቤያለሁ። ፊትና ጀርባቸውን አሥራ ሁለቱንም አትሜ ነው ያስረከብኩዎት። አንድን ወረቀት ሁለት ጊዜ አላትምም" አለች። በዚያች ወንበር ደመወዝ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት።

አቶ ለማ ሳቀ። ሲስቅ ግን እጁ ከካርቶኑ ክዳን ላይ አልተነሣም። ሁለታችንንም እያየ፣ እጁን ጭኖ፣ ይስቃል። ያኔ ነው የአባቴ ልጅነቴ አንድ ጊዜ እንኳ የጠቀመኝ። ካርቶኑን ከእጁ ሥር መነጨቅኩና ክንዴን ከጫማዎቹ ሥር ሰደድኩ። ጫማውን የጠቀለለው ስስ ወረቀት ሥር አንድ የታጠፈ ነገር ነካሁ። አወጣሁት። ፊቱ ላይ ማህተም፣ ጀርባው ላይ ማህተም፤ ጢም ባለው የዘይቱና ጽሑፍ ላይ ሰማያዊው ክብ ደምቆ ታትሟል።

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"ይህን ነገር ባታገዝፊው ይሻልሻል" አለ አቶ ለማ፣ ለስላሳ ድምፁ ሳይለወጥ። "ጥናትሽ በዚህ ዞን አይሠራም። ደግሞ ከድርም ውስጡ አለበት፤ ዱላውን ሁሉም ጽፈውታል።"

ኮች ከድር በሩ ላይ ነበሩ። "አለሁበት" አሉ። "ስጠየቅ እመልሳለሁ። አንተስ?"

የዘይቱናን እጅ ያዝኩና ወጣን። ጫማውን አልነካችውም።

ኮች ከድር ልብሷን ከማደሪያው አምጥተው ሚኒባስ ላይ አሳፈሩን። ወደ እናቴ ቤት ልወስዳት ነው፤ ከዚያ ሌላ የማውቀው ቦታ አልነበረኝም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ልጅ እውነቱን ብትነግረኝ በዚያው ቀን የት አስጠጋታለሁ የሚል አንድም መስመር ዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። የናሙና አመራረጥ ነበር፣ የመልስ ትንተና ነበር፤ ማደሪያ አልነበረም።

ዘይቱና መስኮቱ ጋ ተቀምጣ የስንዴውን ማሳ ታያለች። ጨለማ ገና አልወረደም። ግማሽ መንገድ እንደ ሄድን ሳትዞር ጠየቀችኝ።

"ቲቸር፣ እኔ መሆኔን ማን ነገረው?"

ምላሴ ላይ ብዙ መልስ ነበር። መጥፎ ሰው ነው፣ ፖስታውን ከፍቶ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ሁሉም እውነትነት ነበረው። አባቴ ክንዱን ሲሰድ ትዝ አለኝ። የሰውን ጆንያ ሁሉ በርብሬ የራሴን አፉን እንኳ አልፈታሁም ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኳት። "ቁጥርሽን ጻፍኩበት። ማንም አያውቅሽም አልኩሽና አሳወቅኩሽ።"

እጇን ከእጄ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣች። ሮቤ እስክንደርስ ጭኗ ላይ አጣጥፋ ያዘችው። ያች እጅ እንድትመለስልኝ ያን ያህል ብመኝም፣ ይገባኛል ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

በማግስቱ ብድሬ ስልክ አስደወልን። አባቷ በሦስተኛው ቀን ደረሱ። ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ይዘን፣ ወይዘሮ በላይነሽ መዝገቧን አስቀርባ፣ ኮች ከድርም ሦስቱን ደብዳቤ አውጥተው አብረን ለዞኑና ለፖሊስ አመለከትን። አቶ ለማ ማህተሙ የእኛ አይደለም ሊል አልቻለም፤ በራሱ ትእዛዝ የታተመ ነው። እስር ቤት ገባ ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። ከፕሮጀክቱ ተነሣ፤ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው ተባለ፤ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ መዛወሩን ሰማሁ። የት እንደ ሆነ ሳጣራ፣ ዱካውን ስከተል ኖሬያለሁ፤ እዚያም ሕፃናት አሉና። ኮች ከድር ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ ዱላዬንም ትቻለሁ ይላሉ። እኔ አሁንም ድንገት ሜዳ ብቅ እያልኩ አያለሁ። እሳቸውም ሲያዩኝ ሁለት ባዶ እጃቸውን አንሥተው ያሳዩኛል።

ጥናቱን ትቼው አልቀረሁም። ዕቅዱን ግን ቀድጄ አንድ ዓመት ሙሉ ስጽፈው ከረምኩ። በአዲሱ ዕቅድ መለያውን ልጁ ራሱ ይመርጠዋል፤ እኔም አላውቀውም። ወረቀቱ በየትኛውም ቢሮ አያልፍም፤ ማህተም የሚፈልግ ካለ ባዶውን ወረቀት አስቀድሞ ያትምልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ፣ ከመግቢያውም በፊት፣ ልጅ ብትናገር በዚያው ሰዓት የሚቀበላት ሰው ማን እንደ ሆነ ይጻፋል። አማካሪዬ "ይኼ የዘዴ ክፍል ውስጥ ነው መግባት ያለበት" ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት።

እናንተ ልጃችሁን ለአሠልጣኝ የሰጣችሁ፣ ጫማ በሰው ፊት ይሰጠው እንደሆነ ጠይቁ። እናንተ ደግሞ እንደኔ ወረቀት ይዛችሁ ልጆች ዘንድ የምትሄዱ፣ ልጅ "ማንም አያውቀኝም አይደል?" ብሎ ሲጠይቃችሁ አትቸኩሉ። እኔ በዚያች ክፍል ውስጥ አስቤ ለመመለስ አንድ ደቂቃ ብወስድ ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር። ማፈሬን አልደብቅም፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ዘይቱና ወደ ብድሬ አልተመለሰችም። አባቷ ሮቤ አክስቷ ዘንድ አስቀመጧት፤ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ገባች። ሰላም ትለኛለች፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ እጅ ወረቀት ተቀብላ አታውቅም። የክፍል ፈተናዋን እንኳ ጓደኛዋ ነው የሚያቀብላት። ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ስትሮጥ ከሩቅ አያት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የትምህርት ቤቶች ውድድር መጣ። ያለ ደረት ቁጥር መሮጥ አይፈቀድም። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ቁጥሩን በእጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች፤ መርፌ ቁልፎቹን በጥርሷ ይዛለች። አውጥታ በመዳፏ ያዘቻቸውና፣

"ቲቸር፣ ስክሪብቶ አለሽ?" አለችኝ።

"አለኝ። ምን ልታደርጊበት ነው?"

ቁጥሩን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ ዘረጋችልኝ። "ስሜን ጻፊበት።"

"በዚህ በኩል ደረትሽ ላይ ይለጠፋል እኮ፤ ማን ያየዋል?"

"ማንም" አለች። "ግን ይኑር።"

ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ዘይቱና ብዬ ጻፍኩ፤ የአባቷንም ስም ጨመርኩበት። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ መርፌ ቁልፎቹን እጄ ላይ አስቀመጠችና ቁጥሩን ራሴ እንድሰካላት ደረቷን ሰጠችኝ።